«ጄሉ እስኪመጣ» እያላችሁ ካንሰርን አታሳድጉ!

ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሰሞኑን አፍንጮ በር አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት በልጃቸው ጉትጎታ መጡ። ጡታቸው ላይ የማያም እብጠት ካገኙ 8 ወር አልፏል። ናሙና እንዲሰጡ ቀደም ብሎ ተነግሯቸው ነበር። ለምን እንደቆዩ ስጠይቃቸው ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ አሳዩኝ፦ «ካንሰርን በአንድ መርፌ የሚያጠፋ ጄል ተገኘ!» ከዚያም «ኬሞውን ፈርቼ፣ እሱ እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ነው ዶክተር» አሉኝ።

በእሳቸው አልፈርድም። የምፈርደው ያንን ርዕስ በሰጠው ሰውና ሳናጣራ ሼር ባደረግነው በእኛ ላይ ነው።

🔹 ለመሆኑ ጄሉ ምንድን ነው?

ሃይድሮጄል ይባላል። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣውን ዝልግልግ ነገር አስቡ፤ ብዙ ውሃ ይዞ የሚቆይ ነገር ነው። በመርፌ ሲሰጥ ፈሳሽ ሆኖ ይገባል፣ ሰውነት ውስጥ ይረጋል። ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ አንዳንዱ ሃይድሮጄል ግን በተቃራኒው በሰውነት ሙቀት ይረጋል። ከዚያ የያዘውን መድኃኒት ዕጢው አጠገብ ሆኖ ቀስ በቀስ ይለቃል። ኬሞቴራፒንና የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒትን አንድ ላይ እንዲይዝ ተደርጎም ይሠራል። ዓላማው መድኃኒቱ ዕጢው ላይ እንዲበረታ፣ ሌላውን አካል ግን እንዳይጎዳ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ።

🔹 ቪዲዮው ያልነገራችሁስ?

1. ጄሉ ዕቃ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው ውስጡ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባበትም ያው የምትፈሩት ኬሞ ነው። ኬሞን ሸሽቶ ጄል መጠበቅ ወጡን ጠልቶ ድስቱን እንደ መመኘት ነው።

2. ጥምር ሕክምና የያዙት ጄሎች በአብዛኛው የተሞከሩት በአይጥ ላይ ነው። የአይጧ ዕጢ ተመራማሪው ራሱ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በፊት ቆዳዋ ሥር የተከለው ነው። የሰው ካንሰር ግን ዓመታት ፈጅቶ ያደገ ነው።

3. ለሰው የተፈቀደው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ጄልማይቶ የተባለውን ፈቅዳለች። እሱም የሚያገለግለው ከፊኛ በላይ ባለው የሽንት መስመር ላይ ለሚወጣ፣ ቀስ ብሎ ለሚያድግ የካንሰር ዓይነት ነው። የያዘው 1 መድኃኒት ብቻ ሲሆን እሱም ማይቶማይሲን፣ ለአሥርተ ዓመታት የምናውቀው ኬሞ ነው። ለጡት ካንሰር አይደለም!

4. ጄሉ በዋናነት የሚሠራው በተወጋበት ቦታ ነው። የነቃው መከላከያ ወደ ጉበትና አጥንት የሄደውንም ያጠቃል የሚል ተስፋ አለ። ተስፋ ግን መድኃኒት ማዘዣ ላይ አይጻፍም።

🔹 «ተስፋችንን አትንጠቀን» ለምትሉኝ

ከአፍንጮ በር በፒያሳ በኩል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጭር ጊዜ መንገድ ነው። ለረጅም ዓመታት የመላ አገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ እሱ ነበር። ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣ ታማሚ ቤት ተከራይቶ ተራውን ሲጠብቅ ከርሟል። ለዚያ ሰው የጎደለው በአይጥ ላይ የሚሞከር ጄል አልነበረም። የጎደለው ማሽን፣ ባለሙያ፣ መድኃኒትና በጊዜ መድረስ ነው። እናንተ ደግሞ ሆስፒታሉ ደጃችሁ እያለ በራሳችሁ ላይ ተራ ትጨምራላችሁ? በጊዜ የተገኘ የጡት ካንሰር ዛሬ ባለው ሕክምና ሊድን ይችላል። እውነተኛው ተስፋ ይሄ ነው።

🔹 እባካችሁ፦

✔️ ጡት ላይ እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ ወይም ከጫፉ ደም ካያችሁ፣ ባያምም ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ።
✔️ «መርፌ ወይም ቢላ ከነካው ይዛመታል» ብላችሁ ናሙና ከመስጠት አትሽሹ። የሚያዛመተው መዘግየቱ ነው።
✔️ ኬሞ ካስፈራችሁ ፍርሃታችሁን ለሐኪማችሁ ንገሩ። ለማቅለሽለሹ መድኃኒት አለው፤ ፀጉርም አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።
✔️ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶች የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በጤና ጣቢያ አድርጉ። ሴት ልጆቻችሁንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠውን የኤችፒቪ ክትባት አስከትቡ።
✔️ «ተዓምረኛ ጄል» የሚል ቪዲዮ ስታዩ 3 ነገር ጠይቁ፦ በሰው ነው በአይጥ የተሞከረው? ለየትኛው ካንሰር? ማን ፈቀደው? መልስ ከሌለው ሼር አታድርጉት። «ጄሉ እኔ ጋ አለ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ደግሞ አትመኑት።

እኚያ እናት በመጨረሻ ናሙና ሰጥተዋል፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ያለፉትን 8 ወራት ግን የትኛውም ጄል አይመልስላቸውም።

ይህን ጽሑፍ ያንን ቪዲዮ ላጋራችሁ ሰው መልሳችሁ አጋሩት።