ዝሆን አርግዣለሁ ያለው ጄኔራል

 ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ሆነ ስለ ክትባት አላወራም፤ ስለ አንድ የፈረሰኛ ጦር ጄኔራል ላጫውታችሁ ነው። ዘመኑ የናፖሊዮን ነው። አገሩ ያኔ ፕሩሲያ ይባል የነበረው፣ መሬቱ ዛሬ በአብዛኛው በጀርመንና በፖላንድ መካከል የተከፈለው መንግሥት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ጌብሃርድ ሌበሬኽት ፎን ብሉኸር ይባላል። ናፖሊዮን ዋተርሉ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሸነፍ ለእንግሊዙ ዌሊንግተን የደረሰለት ሽማግሌ እሱ ነው። ይህን ታሪክ የተማረ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከዚያ ድል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ይኸው ጀግና ዝሆን አርግዣለሁ ይል እንደነበር ነው። አዎ፣ ዝሆን። በዘመኑ የነበሩ መኮንኖች የተዉት ወሬ ነው እንጂ የእኔ ፈጠራ አይደለም።

በ1742 ሮስቶክ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጡረታ የወጣ ሻምበል ነበር። ትምህርት ብዙም አልሆነለትም፤ ማርሻል ሆኖ እንኳ የሚጽፈው ደብዳቤ በፊደል ስህተት የተሞላ ነበር። በ16 ዓመቱ ለስዊድን ጦር ሁሳር ሆኖ ተቀጠረ። ሁሳር ማለት ለቅኝትና ለድንገተኛ ጥቃት የሚሰማራ ቀላል ፈረሰኛ ነው። ስዊድን ያኔ ከፕሩሲያ ጋር ትዋጋ ስለነበር በ1760 ፕሩሲያውያን ማረኩት። የማረከው ጦር አዛዥ ቤሊንግ ግን ወጣቱን ወደደውና እኛ ዘንድ ለምን አትገባም አለው። ገባ።

ቁጡ ነበር፣ ቁማር ይወድ ነበር፣ መጠጥም አይጠላም። ሹመት ሲታለፍ ተናዶ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ታላቁ ፍሬዴሪክ ደግሞ የሚለመን ንጉሥ አይደለም፤ በ1773 ሻምበል ብሉኸር ከፈለገ ሰይጣን ዘንድ ይሂድ ብሎ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ገበሬ ሆነ። አገባ፣ ሰባት ልጆች ወለደ፣ እርሻውም ተሳካለት። ልቡ ግን ከጦሩ አልወጣም። ንጉሡ በ1786 ሲሞት በዓመቱ በሻለቃ ማዕረግ ተመለሰ። ዕድሜው 44 ነበር፤ ብዙዎቻችን ስለ ጡረታ ማሰብ በምንጀምርበት ዕድሜ ማለት ነው።

የመካከሉን ጦርነት ቶሎ ልለፈው። ከፈረንሳይ አብዮተኞች ጋር ተዋግቶ ጄኔራል ሆነ። በ1806 ናፖሊዮን የፕሩሲያን ጦር በአንድ ቀን ሰባበረው። ብሉኸር የተረፈውን ወታደር ይዞ እስከ ሉቤክ ከተማ ድረስ አፈገፈገ፤ በመጨረሻም እጁን ሰጠ። የሰጠሁት ዳቦና ጥይት ስላለቀብኝ ነው ብሎ እንዲመዘገብለት አደረገ። በምርኮ ልውውጥ ተፈታ፤ ፕሩሲያ ግን ግማሽ ያህል ግዛቷን ተነጥቃ ነበር። እሱም ፖሜራኒያ በሚባለው ክፍል ተሹሞ ተቀመጠ።

የታመመው እዚያ ነው። ስልሳዎቹን አጋምሷል። ያዝናል፣ ይጠጣል፣ ይነጫነጫል፤ ከዚያም ዝሆኑ መጣ።

ሁለት መቶ ዓመት ባለፈው በሽተኛ ላይ የምርመራ ውጤት መስጠት የነርስ ሥራ አይደለም። ይሁንና በዕድሜ የገፋ ሰው ያልሆነ ነገር ማየትና ማውራት ሲጀምር መንስኤው ብዙ ነው፦ ከባድ ድባቴ፣ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውኃ ማነስ፣ መጠጥ፣ የመድኃኒቶች አለመስማማት። ብዙው የሚታከም ነው። በተለይ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ ከሆነ አርጅተው ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።

በሥራ ዘመኔ አንድ አባት ልጆቻቸው ለሦስት ሳምንት ጓዳ ከደበቋቸው በኋላ መጡልን። እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋባቸዋል። የተገኘባቸው የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። አእምሯቸው ሲመለስ ልጃቸውን መጀመሪያ የጠየቁት «ማን ማን ሰማ?» ብለው ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

ወደ ፕሩሲያ ልመለስ። ጦሩን እንደ አዲስ ያደራጅ የነበረው ጄኔራል ሻርንሆርስት የብሉኸርን ነገር ያውቃል። ቢሆንም ሆዱ ውስጥ መቶ ዝሆን ቢኖር እንኳ መምራት ያለበት እሱ ነው የሚል አቋም እንደነበረው ይነገራል። ይህን ልብ በሉልኝ። አልታመመም አላለም። ዝሆን የለም ብሎም አልተከራከረም። በሽታውንም ሰውየውንም አንድ ላይ ተቀበለ።

በ1813 ጦርነቱ እንደገና ሲነሳ ብሉኸር 70 ዓመቱ ነበር። ሻርንሆርስት የጦር ዕቅድ አውጪው ሆኖ አብሮት ዘመተና ገና በመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ እግሩን ቆሰለ። ቁስሉን ተኝቶ በማስታመም ፈንታ ኦስትሪያን ከጎናቸው ለማሰለፍ ጉዞ ጀመረ። ቁስሉ መርቅዞ በሰኔ ወር ፕራግ ላይ ገደለው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ነርስነቴ ይነሳብኛል፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ሁለት ሳምንት ቢተኛ ምን ነበረበት?

በቦታው ግናይዘናው ተተካ። ይህኛው ካርታው ላይ ያቅዳል፤ ሽማግሌው ፈረሱ ላይ ሆኖ ወታደሩን ያደፋፍራል። በዚያው ዓመት ካትስባኽ ወንዝ ላይ፣ ቀጥሎም ላይፕዚግ ላይ ድል አደረጉ፤ ብሉኸር የማርሻልነት ማዕረግ አገኘ። ወታደሮቹ «ማርሻል ወደፊት» አሉት። በ1814 ፈረንሳይ ውስጥ ትኩሳትና የዓይን ሕመም ሲጥለው እንኳ ከጦሩ ጋር አቆዩት። ለፍቅር ብቻ አልነበረም፤ እሱ ከሄደ አዛዥነቱ ወደ ሌላ ጄኔራል ስለሚያልፍም ነው። ይሁን፤ ቤተሰብም ቢሆን ሁልጊዜ ለፍቅር ብቻ አይደለም የሚያስታምመው።

ሰኔ 1815፣ ሊኚ በሚባል የቤልጅየም መንደር ናፖሊዮን አሸነፋቸው። የብሉኸር ፈረስ ተመትቶ ላዩ ላይ ወደቀበት። ዕድሜው 72 ነው። የጠላት ፈረሰኞች አጠገቡ ሲያልፉ ረዳቱ ኖስቲትስ ሸሽቶ ሊያመልጥ ሲችል አጠገቡ ቆመ፤ በካፖርት ሸፈነው፤ በመጨረሻም አወጡት። እኔ ጋ ቢያመጡት ዳሌውን፣ የጎድን አጥንቱን፣ የሽንቱን ቀለም ሳላይ ከአልጋ አላስወርደውም ነበር። እነሱ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ቅባት አሹት። እጁ የተቆረጠው የእንግሊዝ መኮንን ሃርዲንጅ እዚያው ተኝቶ ነበርና ሽማግሌው አቀፈው፤ ትንሽ እሸታለሁ ብሎም ይቅርታ ጠየቀ።

አዛዡ በጠፋበት በዚያ ሌሊት ግናይዘናው ጦሩን ወደ አገሩ አልመለሰውም፤ ለዌሊንግተን በሚቀርብ አቅጣጫ፣ ወደ ዋቭር አዞረው። በሁለተኛው ቀን ብሉኸር የተቀጠቀጠ ገላውን ይዞ ፈረስ ላይ ወጣ፤ ለዌሊንግተን እመጣለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበርና። ወታደሮቹ መድፉን ከጭቃ እየጎተቱ፣ እሱ ከጎናቸው እየተቆጣና እያባበለ፣ ከሰዓት በኋላ ዋተርሉ ደረሱ።

በ1819 ሲሌዚያ ውስጥ፣ ክሪብሎቪትስ በሚባል ርስቱ፣ በ76 ዓመቱ ሞተ።

ያለ ሰው እንደማይቆም ራሱም ያውቅ ነበር። ከዋተርሉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንግሊዝ አገር ሲሄድ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው። ፊደል የሚሳሳተው ሽማግሌ ሳቀና፣ እኔን ዶክተር ካላችሁኝ ግናይዘናውን ፋርማሲስት አድርጉት፤ ክኒኑን የሚቀምምልኝ እሱ ነው አላቸው።