ከስንት ገብተው ስንት ወጡ?

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ፣ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ከመቶ 62 ያህሉ፣ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ግን ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ማለፋቸው ብዙ አነጋገረ፤ ይሁን እንጂ ያ አኃዝ ለፈተና የተቀመጡትን ብቻ የሚቆጥር ስለ ነበረ፣ ከዓመታት በፊት ተመዝግበው መንገድ ላይ ስለ ቀሩት ተማሪዎች አንዳች አልነገረንም።

በምረቃ ሰሞን ከአንድ ትንሽ ኮሌጅ ደጃፍ የቆመ ሰው፣ ካባ ለብሰው አበባ ታቅፈው ፎቶግራፍ የሚነሡትን ያያል፤ የቀሩትን ግን የሚያውቃቸው የሬጅስትራሩ መዝገብ ብቻ ነው። ቀን ሱቅ ስትሸጥ ውላ ማታ በኤክስቴንሽን የምትማረው ልጅ ክፍያዋን ሳትሞላ ምዝገባ ይዘጋባታል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣው ወጣት የቤት ኪራይ ሲጨመርበት ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ወላጆቹ ይመለሳል፤ ለወሊድ ብላ የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ (ዊዝድሮዋል) የሞላችውም እናት ሕፃኗን የሚይዝላት አጥታ በዚያው ትቀራለች። እነዚህን ሁሉ በስንፍና ፈርጆ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ተማሪ በራሱ ብርታት ብቻ እንደማይጸና አበው ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ቁራሽ ሲለምን፣ ብዙ ዓመት ከሚፈጀው የዜማና የቅኔ ጉባኤ ሳይናወጽ ያጸናው የመምህሩ ትጋት ብቻ ሳይሆን የባላገሩ ምጽዋት ጭምር ነበረ። ዛሬ የኑሮውን ሸክም ተማሪው ለብቻው ተሸክሞታል።

ተማሪን ለማጽናት መድከም የዕውቀትን ሚዛን ያቀላል ብሎ የሚሠጋ ቢኖር፣ በአንድ የትምህርት ዓይነት የመውጫ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነውና ሥጋቱ ከንቱ ነው፤ ይልቁንስ የሚያሠጋው፣ ደካማውን አስቀድሞ እያሰናበተ ጥቂት ብርቱዎችን ብቻ ለፈተና የሚያቀርብ ኮሌጅ ተፈታኞችን ብቻ በሚቆጥር አኃዝ የተመሰገነ መስሎ መታየቱ ነው።

ስለዚህ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ፈቃድ የሰጠው ኮሌጅ ሁሉ በየዓመቱ ከተቀበላቸው ስንቱ ወደ ሁለተኛ ዓመት እንደ ተሻገሩ፣ ስንቱም ትምህርታቸውን በጊዜው እንደ ፈጸሙ፣ ወንዱን ከሴቱ፣ የቀኑን ከማታው ለይቶ እንዲያስታውቅ ሊያስገድድ ይገባዋል። እናንተም ወላጆች፣ የልጃችሁን የመመዝገቢያ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ስንት እንደ ተመረቁ ብቻ ሳይሆን ከስንት ገቢዎች መካከል እንደ ተመረቁ ጠይቁ፤ መልስ የሌለው ኮሌጅ ገንዘባችሁን ሊቀበል አይገባውም።