ግላኮማ እንደ ዓይን ሞራ «እስኪበስል» አይጠበቅም

በመቱ፣ በጎሬና በሶር ወንዝ አካባቢ ባሉ የኢሉ አባ ቦር ከተሞች ዕይታቸው የደከመ አዛውንት ሲጠየቁ፣ «ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፍልኛል» ማለታቸው የተለመደ ነው። ይህ አባባል እንደ ሐኪም ያሳስበኛል። ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ተገፎ ዕይታ ሊመለስ ይችላል። ግላኮማ ከሆነ ግን በመጠበቅ የጠፋው ዕይታ በምንም ሕክምና አይመለስም።

በዓይናችን ውስጥ ዘወትር ንጹሕ ፈሳሽ ይመነጫል፤ በጥቃቅን መውጫዎችም ይወገዳል። መውጫው ሲጠብ ወይም ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀምና የዓይን ግፊት ይጨምራል። ግፊቱም ምስልን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ግፊታቸው መደበኛ ሆኖ ነርቫቸው የሚጎዳም አሉ። ስለዚህ ግፊት መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ነርቩም መታየት አለበት።

በብዛት የሚታየው የግላኮማ ዓይነት አያምም፤ ዓይንንም አያቀላም። አስቀድሞ የሚጠፋው የጎን ዕይታ ነው። ታማሚው ፊት ለፊት ስለሚያይ ጤነኛ የሆነ ይመስለዋል፤ ከጎን የሚመጣ ባጃጅ ግን ያመልጠዋል፤ በቡና ማሳ ውስጥ ጉቶ ያደናቅፈዋል።

በ1998 ዓ.ም በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን ሞራ፣ 5 ነጥብ 2 በመቶውን ደግሞ ግላኮማ ይዘው ነበር። የግላኮማው ድርሻ ትንሽ ቢመስልም፣ ያጠፋው ዕይታ የማይመለስ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ስለዚህ ዕድሜዎ 40 ከሞላ፣ በተለይም ወላጅዎ፣ ወንድምዎ ወይም እኅትዎ ግላኮማ ካለባቸው፣ ሳያምዎት ዓይንዎን ይመርመሩ። የሕክምና ተቋማትም አንድ የግላኮማ ታማሚ ሲያገኙ የቅርብ ቤተሰቡን ጠርቶ መመርመርን ልማድ ሊያደርጉት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጠብታ ከታዘዘልዎት፣ «ለውጥ አላየሁም» ብለው አያቋርጡ። የጠብታው ሥራ የቀረውን ዕይታ መጠበቅ ነው። ስቴሮይድ ያለበትን የዓይን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀምም የዓይን ግፊትን ሊጨምር ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ድንገተኛ ከባድ የዓይን ሕመም፣ ማስመለስና የዕይታ መደብዘዝ አብረው ከመጡ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።