ለገላ ማሻ የሚሻለው፤ ቅቤ፥ ዘይት ወይስ ክሬም?

በመንዝ ደጋ፥ ይልቁንም በጓሳ አጠገብ የምትኖሩ እመቤቶች ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ከማንም ይበልጥ የእናንተ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነውና በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፥ ቀኑ ብርቱ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ነው። እንዲህ ያለው አየር የቆዳን እርጥበት ስለሚመጠው ከንፈር ይሰነጠቃል፥ ተረከዝ ይተረተራል፥ ቅልጥም አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል።

የጓሳ ሣር ክዳን ቤቱን ከነፋስ እንደሚጠብቅ፥ የተነጠረ ቅቤና ዘይትም በቆዳ ውስጥ ያለውን እርጥበት ይከድናሉ እንጂ ውኃ አይጨምሩም። ስለዚህ ቅባት የሚቀቡት ገላዎ ከደረቀ በኋላ ሳይሆን፥ ታጥበው ውኃው ጠፈፍ እንዳለ ቢሆን ይመረጣል። ክሬም ግን ውኃና ቅባት ተዋሕደው የተሠራ በመሆኑ ቶሎ ይሰርጋል። ለፊትና ለእጅ ይህ መልካም ነው፤ ጀርባና እግር ረዘም ላለ ጊዜ ለማሸት ግን እጅ እየያዘ ያስቸግራል፤ ለዚያ ዘይት ይሻላል።

ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ ንጹሕ የሱፍ ዘይት ወይም ቫዝሊን ይበቃዎታል። ቫዝሊን እንደ ቅቤ ሰንብቶ አይከረፋም። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ማታ እግርዎን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው፥ ቫዝሊን ቀብተው የጥጥ ካልሲ ያድርጉ። ግሊሰሪን የሚወዱ እንደ ሆነ በውኃ ይበርዙት፤ ብቻውን በደረቅ አየር ከቆዳው ከራሱ ውኃ ይስባል።

ፊትዎ ወዛም ከሆነ ቅቤ አይቅረበው። ለጠጉርዎ የተቀቡትም ወደ ግንባር ወርዶ ብጉር እንዳያወጣ በሻሽ ይሰሩት። “ፊት ያቀላል” እየተባለ የሚሸጠውን ክሬም ግን፥ ወዛምም ቢሆኑ ደረቅ፥ አይግዙ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው ተገኝተዋል፥ ሜርኩሪም ኩላሊት ይጎዳል።

ሕፃን በቅቤ ማሸት የእናቶቻችን የፍቅር ሥራ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን እትብቱ ሳይደርቅ ቅቤ በላዩ መቀባት መንጋጋ ቆልፍን ለመሰለ ክፉ በሽታ በር ሊከፍት ይችላል፤ እትብቱን ንጹሕና ደረቅ አድርገው ይተዉት። ሲያሹትም በሞቀ ቤት ይሁን፤ የሚታሸውን ክፍል ብቻ ገልጠው የቀረውን በባና ይሸፍኑ። ደግሞም ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ያበጠ ሰው ቢመጣብዎ፥ ስብራት አለመሆኑ ሳይታወቅ በምንም ቅባት አይሹት፤ አስረው፥ ሳያንቀሳቅሱ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት።

አዲስ ክሬም የገዙ እንደ ሆነ በመጀመሪያ በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብተው አንድ ቀን ይቆዩ፤ ካሳከከዎ ወይም ከቀላ ይተዉት።