ጉርሻው በማን ገንዘብ ይሁን?

የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሲሼልስ የምትበሩ አላችሁ። ማረፍ መልካም ነው። እኛ በምናርፍበት ስፍራ ግን አልጋ የሚያነጥፉ፣ ሻንጣ የሚሸከሙ፣ ጀልባ የሚነዱ ሰዎች እየሠሩ ነው። ለእነርሱ የምንሰጠው ጉርሻ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለሚቀበለው ግን የዕለት ኑሮ ነው። አቋሜን ባጭሩ ልናገር፦ ጉርሻ በተቀባዩ አገር ገንዘብ ይሰጥ።

«ዶላር የትም ይሠራል» የሚል መልስ አለ። ለሰጪው ይሠራል፤ ለተቀባዩስ? ባንኮችና ምንዛሪ ቤቶች የውጭ አገር ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉም። ኪሳችንን ስላከበደን ብቻ ትራስ ላይ የምንተወው የዩሮ ወይም የአሜሪካ ሳንቲም ለጽዳት ሠራተኛዋ ዳቦ አይገዛላትም። በዛንዚባር የተቀደደ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ ዶላር ብዙ ቦታ ይመለሳል፤ ትናንሽ የዶላር ኖቶችም ሲመነዘሩ ዋጋቸው ዝቅ ይላል። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣችው ደንብ በአገር ውስጥ የሚሸጥ ዕቃና አገልግሎት በውጭ ገንዘብ እንዳይተመንና እንዳይከፈል ከልክላለች። ስለዚህ በዛንዚባር ሽልንግ መያዝ ሕግ ማክበርም ነው።

እኛ «ጉርሻ» የምንለው ቃል የመጣው ከማዕድ ነው። አጉራሽ የጎራሹን አፍ አይቶ ይጠቅልላል እንጂ ከሳህኑ የተረፈውን ሰብስቦ አይሰጥም። ገንዘቡም እንዲሁ ቢሆን ምን አለበት?

ሁለተኛው ነገር የአገሩን ልማድ ማወቅ ነው። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበሉ ሠራተኞች የሚያስገድደው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ 2.13 ዶላር ነው። ስለዚህ በዚያ የሚሰጠው 15 ወይም 20 በመቶ በብዙ ክፍለ ግዛቶች የደመወዙ አካል ነው። ይህን ስሌት ግን ወደ ሁሉም ደሴት ይዞ መሄድ አይቻልም። በማልዲቭስ ሆቴሎች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሂሳቡ ላይ ይጨመራል፤ ሕጉም ለሠራተኞች እንዲከፋፈል ያዛል። በዶሚኒካን ሪፐብሊክም ምግብ ቤቶች 10 በመቶ ይጨምራሉ። በጃፓን ደሴቶች ደግሞ ጉርሻ ልማድ አይደለም፤ ትታችሁት የወጣችሁትን ገንዘብ አስተናጋጁ ተከትሏችሁ ሊመልስ ይችላል። «ዶላር» የሚለው ስምም ያሳስታል። የባሃማስ ዶላር ከአሜሪካው ጋር እኩል ነው፤ የባርቤዶስ ግን ሁለቱ አንድ የአሜሪካ ዶላር ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሂሳቡን አንብቡ፤ «በየትኛው ዶላር ነው?» ብላችሁም ጠይቁ።

«ለሠራተኛው መክፈል ያለበት አሠሪው ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ጉርሻ የደመወዝ ምትክ ሊሆን አይገባውም። ነገር ግን በአሠሪው ላይ ያለንን ቅሬታ በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ መወጣት ፍትሕ አይደለም። የሙሴ ሕግ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ሳያድር እንዲከፈል ማዘዙን እናውቃለን። ጉርሻ ዕዳ ባይሆንም፣ የሰው ድካም ዋጋ እንዳለው የምናምን ሰዎች እጃችን ይህን ሊመሰክር ይገባል። ፈገግ ብሎ ምግብ ላቀረበልን አስተናጋጅ እጃችን ይፈታል፤ እኛ በሌለንበት ሰዓት ገብታ መታጠቢያ ቤታችንን ያጸዳችውን ግን እንረሳለን። ባሕር ዳር ጌጥ ከምትሸጥ እናት ጋር በጥቂት ሳንቲም ተከራክረን፣ ማታ ሰው በሚያይበት ገበታ ላይ ቸር መሆንም ራሳችንን ሊያስጠይቀን ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በደረስን ዕለት ጥቂት ገንዘብ በባንክ ወይም በኤቲኤም ወደ አገሩ ገንዘብ እንለውጥ፤ ትናንሽ ኖቶችም እንጠይቅ። የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ እንደሆነ እናጣራ። ክፍሉን የሚያጸዳው ሰው በየቀኑ ሊለዋወጥ ስለሚችል የመጨረሻውን ቀን ሳንጠብቅ በየዕለቱ እንተው፤ ለእርሱ መሆኑ እንዲታወቅም «አመሰግናለሁ» የሚል ወረቀት እናኑርበት። ፊት ለፊት ስናገኘው ደግሞ በስሙ ጠርተን፣ በእጁ እንስጠው።

መልካም ዕረፍት ይሁንላችሁ።