ውሃ ሳይጨመርበት የሚንተከተክ ፒፓ

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘን ወደ አያታቸው አገር መሄድ ልማዳችን ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ቦንጋ እንገባለን፤ አድረን በማግስቱ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ሺሺንዳ እንደርሳለን። አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ካፋ ዝናብ አገር ነው። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ጫካው፣ ቡናው፣ ኮረሪማውና ማሩ የዚህ ዝናብ ልጆች ናቸው። የታጠበ ካልሲ በሦስት ቀን አለመድረቁም እንዲሁ።

ባለፈው ክረምት ገና ከመኪና እንደወረድን አማቼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አንድ አዲስ ነገር አፋቸው ላይ ይዘው አየኋቸው። ጀርመን የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም የላከላቸው የእንጨት ፒፓ ነው። ሰላምታው እንዳለቀ ወደ ጆሮዬ አስጠግተው ሳቡት። ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ስሚ እስቲ ልጄ» አሉኝ፤ «ጋያ እንኳ ውሃ ሲጨመርበት ነው የሚንተከተከው። ይሄ ጠብታ ውሃ ሳላስገባበት ከየት አምጥቶ ነው?»

ጋያ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከታች ውሃ የያዘ ቅል፣ ከላይ ትንባሆና ፍም የሚቀመጥበት ሸክላ፣ ከጎን ጭሱ የሚሳብበት መቃ አለው። ጭሱ በውሃው ውስጥ እየተንተከተከ ያልፋል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጨሱት እሱን ነው። ጎረቤት ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ ጋያው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ነገር ይታያል። ስለዚህ ለእሳቸው መንተክተክ የደህና ጋያ ምልክት ነው፤ የፒፓው ግን መራራ ጠብታ ምላሳቸው ላይ ያንጠባጥብባቸዋል፣ እሳቱም ቶሎ ቶሎ ይጠፋባቸዋል። «ልጄ ብልሹ ዕቃ ተሸጠለት» ብለው አዝነዋል።

እኔ ያደግሁት ትንባሆ እንደ ነውር በሚታይበት ቤት ነው። እናቴ ሲጋራ የያዘ ሰው ካየች ታማትባለች። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ማጨስን ከልክለው እንደነበር ስትተርክ ትናንት የሆነ ያህል ነው። ስለዚህ ፒፓ ጠጋኝ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ። ትንሿ ልጄ አስም አለባት። ዝናቡ ሲበረታ አባባ ከበረንዳው ወደ ሳሎን ይገባሉ፤ ልጅቷም አያቷን ስለምትወድ እግራቸው ሥር ትቀመጣለች። በሁለተኛው ሌሊት ስታስል አደረች። በቦርሳዬ የያዝኩትን መንፊያ ሁለት ጊዜ ተጠቀምን።

ምራት ሆኜ ለአማቴ በገዛ ቤታቸው «እዚህ አያጭሱ» እንዴት እላለሁ? ባለቤቴ ደግሞ «ነገ እነግራቸዋለሁ» እያለ አራት ነገዎችን አሳለፈ። እንግዲያው በጠየቁኝ ነገር ልጀምር ብዬ ፒፓውን ያዝኩ። ማታ ጀርመን ደወልንና የላከውን ሰው ራሱን በጥያቄ አፋጠጥነው።

የመጀመሪያው ወሬ መልካም ነበር፤ ዕቃው ብልሹ አይደለም። እንዲያውም እንጨቱ የሩቅ ዘመድ ነው። ብሪያር የሚባለው የፒፓ እንጨት የሚሠራው ከአስታ ሥር ነው፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የምናየው ያው አስታ። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅለው አስታ ከግንዱ ሥር እንደ እባጭ ያለ ጠንካራ ጉጥ አለው። ሙቀት ይችላል፣ ጥቂት እርጥበትም ይመጥጣል። ከመጠን ሲያልፍበት ግን መምጠጡን ይተዋል።

ውሃው የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው።

አንደኛው ከራሱ ከትንባሆው ነው። ለፒፓ ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው ትንባሆ እንዳይፈረፈር ሆን ተብሎ እርጥብ ይደረጋል፤ ጣፋጭ ሽታ ያለው ደግሞ ስኳርና እርጥበት የሚይዙ ነገሮች ይጨመሩበታል። ሁለተኛው ከእሳቱ ነው። ማንኛውም ቅጠል ወይም እንጨት ሲነድ ደረቅ ቢሆን እንኳ ከጭሱ ጋር የውሃ እንፋሎት ያወጣል። ይህ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ቱቦ ሲያገኝ የድስት ክዳን ላይ እንደሚንጠባጠበው ላብ ወደ ውሃ ይለወጣል። ሦስተኛው ከአጫሹ አፍ የሚወርድ ምራቅ ነው። ሦስቱም በጠባቧ ቱቦ ውስጥ ሲገናኙ ቡልቅ ቡልቅ ይጀምራል።

መፍትሔውን ለአባባ ያስረዳኋቸው በቡና ነው፤ ወይም እሳቸው ናቸው ለእኔ ያስረዱኝ። «ትንባሆው መድረቅ አለበት፣ ግን በጣም አይደለም» ስላቸው ወዲያው ገባቸው። ጀንፈል ሲደርቅ በእፍኝ ይዘው ያንቀጠቅጡታል፤ ፍሬው ከውስጥ ሲንኳኳ ደርሷል ማለት ነው። የቡና ነጋዴዎች በመሣሪያ የሚለኩትን፣ ከ12 በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ የሚጠበቀውን እርጥበት፣ እሳቸው በጆሮ ይለኩታል። የትንባሆው ልኬት ደግሞ በጣት ነው። ቆንጠር አድርጎ መጫን። ተጣብቆ ከቀረ ገና እርጥብ ነው፤ ከተፈረፈረ አልፎበታል፤ ተጭኖ ቀስ ብሎ ከተፈታ ልክ ነው።

ማድረቁ ግን በሺሺንዳ ክረምት ቀላል አይደለም። ሌላ ቦታ ወረቀት ላይ አሳስቶ ለግማሽ ሰዓት መዘርጋት ይበቃ ይሆናል። እዚያ አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና ቡና ከተፈላበት ምድጃ ትንሽ ራቅ አድርገን፣ ለብ ባለው ቦታ ዘረጋነው። የተረፈውን ክዳኑ በሚገጥም የማር ጠርሙስ ውስጥ ከተትነው። ቆርቆሮው ክፍቱን ከርሞ ስለነበር ከታች ጥቂቱ ሻግቷል። የሻገተ ቡና እንደማይጠጣ ሁሉ የሻገተም ትንባሆ ይጣላል፤ ተጣለ።

ቀጥሎ አሳሳቡ መጣ። አባባ ፒፓውን እንደ ጋያ ነው የሚስቡት፤ በረጅሙና በኃይል። ጋያ የውሃውን ክብደት አሸንፎ መሳብ ይፈልጋል። ፒፓ ግን በኃይል ሲሳብ ይግላል፤ ሲግል እንፋሎቱ ይበዛል፤ እንፋሎቱ ሲበዛ ውሃው ይጠራቀማል። ትኩስ ሻይ ፉት እንደሚባለው በትንሹና በእርጋታ መሳብ፣ ከጠፋ ደግሞ ሳይናደዱ እንደገና መለኮስ ነው። አሞላሉም ከታች ላላ፣ ከላይ ብቻ ጠበቅ ይላል። ከታች ከተጠቀጠቀ አየር አያልፍም፣ አየር ካላለፈ አጫሹ በኃይል ይስባል፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ችግር እንመለሳለን።

መንተክተኩ በመሃል ከመጣ ፒፓው ትኩስ ሳለ ቱቦውን መንቀል አይገባም። እንጨቱ በሙቀትና በእርጥበት ስላበጠ መገጣጠሚያው ሊሰበር ይችላል። ውጭ አገር ክር የተጠመጠመበት ቀጭን ሽቦ በአፉ በኩል ያስገባሉ። እኛ የዶሮ ላባ ተጠቀምን፤ እንደ ልክ የተሠራ ያህል ገባ። አጭሰው ሲጨርሱ አመዱን ማራገፍ፣ ሲቀዘቅዝ ፈትቶ መጥረግና ቢያንስ አንድ ቀን ማሳረፍ ያስፈልጋል። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ሁለት ፒፓ የሚይዘው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይደርቃል።

ላባው ሲወጣ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። እንደ ሬንጅ ያለ፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ጥቁር ፈሳሽ ይዞ ነው የወጣው። ልጆቹ ሊነኩት ሲሮጡ ከለከልኳቸው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ኒኮቲን አለ፤ ለሕፃን መርዝ ነው። የፒፓ ላባ፣ አመድና የጋያ ውሃ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይደፋ፣ እጅም ይታጠብ።

አባባ ላባውን ገልብጠው እያዩ «ጋያው ውስጥ ግን ውሃው ይህን ሁሉ ያስቀራል አይደል?» አሉኝ።

እዚህ ጋ ነው ለአራት ቀን ስፈልገው የነበረው በር የተከፈተው። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ጥቂት ነገርም ያስቀራል። ግን አያጥበውም። ኒኮቲኑ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ካንሰር የሚያመጡት ነገሮች በውሃው አልፈው ይገባሉ። ጭሱ ስለቀዘቀዘና ጉሮሮ ስለማይለበልብ ሰው ከሲጋራ ይልቅ ብዙ ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሺሻ ባወጣው ማሳሰቢያ አንድ ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው በአንድ ጊዜ የ100 ሲጋራ ያህል ጭስ ሊስብ እንደሚችል ገልጿል። ፒፓም ቢሆን፣ ብዙዎች ጭሱን ወደ ሳንባቸው ባያስገቡትም፣ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል። የደረቀ ፒፓ ለአጫሹ ምላስ ይመቻል እንጂ ጭሱን ንጹሕ አያደርገውም።

ይህን ሁሉ በቀስታ ነገርኳቸው። ከዚያ ትንፋሼን ሰብስቤ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የልጅቷ ደረት ይህን አይችልም። ሌሊት የምታስለው ከዚህ ነው» አልኳቸው።

ምንም አልመለሱም። ፒፓውን በጨርቅ ጠቅልለው ተነሡ። ያን ምሽት እራት ላይም ብዙ አልተናገሩም። ባለቤቴ በዓይኑ «ምን አደረግሽ?» አለኝ፤ እኔም ያን ሌሊት የተኛሁት ከልጅቷ ሳል ይልቅ የሳቸውን ዝምታ እያዳመጥኩ ነው።

ጠዋት ስነሣ ዱካቸው ከሳሎን ጠፍቷል። ወጥቼ ባይ ከቡና ጎተራው ጣሪያ ሥር አስቀምጠውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ዝናብም ቢሆን፣ ቤት ውስጥ አላጨሱም። ማጨሱን አልተዉም፤ ተዉ ብዬም አልዋሻችሁም። ልጅቷ ግን በቀሩት ሌሊቶች ሳይነሣባት አደረች።

ይህን የጻፍኩላችሁ የእኛ ቤት ብቻ ጉዳይ ስላልሆነ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሆቴልን፣ ቢሮን፣ ሬስቶራንትን ከጭስ ነፃ አድርጓል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆ መሸጥንም ከልክሏል። የሳሎናችንን በር አንኳኩቶ የሚገባ ተቆጣጣሪ ግን የለም። እዚያ ሕጉን የምናወጣው እኛው ነን። መስኮት መክፈት ወይም ሌላ ክፍል ገብቶ ማጨስ አይበቃም፤ ጭሱ በመጋረጃና በሶፋ ላይ ይቀራል፣ በበር ሥርም ያልፋል። የሚያዋጣው አንድ ነገር ነው፤ ከቤት ውጭ። ማቆም የሚፈልግ ሰው ካለም ሐኪም ያማክር፤ ከብቻ ትግል ይሻላል።

ለታላቅ ሰው እንዴት ይነገራል ለምትሉኝ፣ እኔን የረዳኝ በእሳቸው ጥያቄ መጀመሬ ነው። መጀመሪያ ፒፓቸውን አደረቅን፤ ከዚያ ላባው የቀረውን ተናገረ።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ደወልኩ። «አባባ፣ ፒፓው እንዴት ነው? አሁንም ይንተከተካል?» አልኳቸው።

«እሱስ ደርቋል» አሉኝ እየሳቁ፤ «ፒፓውን አድርቀሽ እኔን በዝናብ አስመታሽኝ እንጂ!»

አሁን ለጎተራው ጣሪያ የምትቀጠል አንድ ቆርቆሮ እየፈለግንላቸው ነው።