የተቀባ ጠመንጃ አዲስ ጠመንጃ አይደለም

ድፍን ጥቁር የተቀባ ጠመንጃ «ታደሰ» ይባላል። ዝገቱ ተሸፍኖ፣ ብረቱ ሳያብለጨልጭ ሲወጣ ዋጋው ከፍ ይላል፤ የያዘውም ሰው ኮራ ይላል። ይህን አስተሳሰብ አጥብቄ እቃወማለሁ። የታደሰው ላዩ ብቻ ነው፤ ጠመንጃ ደግሞ የሚሞተው ከውስጥ ነው።

አሮጌን እንደ ደኅና የመሸጥ ንግድ በዚህ በአገራችን ምሥራቅ በኩል የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሲጓዝ ግመሎቹ የጫኑት ወደ 2,000 የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። አውሮፓ ከ40 ዓመት በፊት የጣለችው፣ በቤልጅግ ከተማ በሊዬዥ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኝ መሣሪያ መሆኑን፣ ሸዋ ሲደርስ ግን 40 ፍራንክ ያህል እንደሚያወጣ ራሱ ለቤተሰቡ ጽፏል። ምኒልክ ግን ዋጋውን ሰብረውበታል። የሚገዙትን የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ቀለምን በቀለምነቱ አልጠላውም። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ኤኬኤም የተባለውን የክላሽ ዓይነት ሲያመርቱ ብረቱን በፎስፌት አክመው፣ በላዩ ጥቁር ቀለም በምድጃ ያበስሉ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞችም ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። ፎስፌት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል፤ ቀለም ባይኖር እንኳ ዘይት ጠጥቶ ብረቱን ይጠብቃል። ያ ግን ንጹሕ ብረት ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ከዝገት በላይ የሚረጭ የጣሳ ቀለም ሌላ ነገር ነው። ሲጫር እርጥበት ያስገባል፤ ዝገቱ ከሥር ይስፋፋል። ባለቤቱ ስለማያየው ዘይት አያስነካውም። የጅግጅጋ ሜዳ «ጉ» በሚባለው ዝናብ ርሶ፣ «ከረን» በሚባለው ዝናብ ደግሞ ዳግም ይርሳል፤ በመካከሉ አቧራ ነው። እንዲህ ባለ አየር ውስጥ ዝገትን መሸፈን ማለት እየመገቡ ማሳደግ ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ በርሜሉ መዘንጋቱ ነው። የድሮ ጥይቶች ብዙዎቹ ሲተኮሱ በበርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋሉ። ጨዉ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብረቱንም እየበላ ይቦረቡረዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ዘይት መቀባት። ክላሽ በርሜሉ ከውስጥ በክሮም ስለተለበጠ ይህን ቸልታ ለረጅም ጊዜ ይታገሣል፤ «ክላሽ አይሞትም» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ምንሽርና የድሮ ማውዘር ግን ያ ልባስ የላቸውም። ከላይ እንደ ሌሊት የጠቆረ ማውዘር ከውስጥ ጥርሱ የረገፈ ሊሆን ይችላል። ገዢው ግን ሰደፉን ዳብሶ፣ ጥቁረቱን አይቶ ይከፍላል።

ብረቱን ለማጥቆር ፍም ውስጥ የሚጨምር ደግሞ ነፍስ ላይ ይጫወታል። የጠመንጃ መዝጊያ ፋብሪካው በእሳትና በማቀዝቀዝ ለክቶ ያጠነከረው ብረት ነው። እስኪግል ድረስ ከሰል ላይ ከቆየ ያ ጥንካሬ ይሄዳል። ከጥይቱ የሚነሣውን ግፊት ከተኳሹ ፊት የሚያግደው ይኸው መዝጊያ ነው። ቢለቅቅ የሚመታው ዓይንና ጉንጭ ነው።

ቀለሙና ሞረዱ የሚያጠፉት ሌላም ነገር አለ፦ ታሪክ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጅግጅጋ ገባ፤ በመጋቢት 1933 የእንግሊዝ ጦር፣ በግንባሩ ናይጄሪያውያን ወታደሮች ሆነው፣ አስለቀቃት። በመስከረም 1970 የሶማሊያ ጦር ያዛት፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች። የነዚህ ሁሉ ጦሮች ብረት ታሪክ ተጽፎበታል። የጣሊያን ካርካኖ ፋብሪካውንና ዓመቱን፣ አንዳንዱም የፋሺስት ዘመን ቁጥርን ይዟል። ለኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከቤልጅግ የመጡት ማውዘሮች የአንበሳ ማኅተም አለባቸው። ይህን በሞረድ ልጎ፣ የተረፈውን ጎድጓዳ በቀለም ሞልቶ «አሳመርኩት» ማለት ሰነድ መቅደድ ነው።

በመሣሪያው ላይ የታተመው መለያ ቁጥር ደግሞ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የ2004 (እ.ኤ.አ.) የናይሮቢ ፕሮቶኮል እያንዳንዱ ቀላል መሣሪያ የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት አገርና መለያ ቁጥር እንዲታተምበት ይጠይቃል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ብቻ ሳይሆን መጠገንንም ከልክሏል። የግመል መንጋውን ለመጠበቅ ጠመንጃ ያስመዘገበ አርብቶ አደር ቁጥሩ በቀለም ከተደፈነበት፣ መሣሪያው የሱ መሆኑን በምን ያስረዳል? ሰው ተገድሎ ጠመንጃ ሲገኝስ መርማሪው ከየት ይጀምራል? ቁጥር የሚሸፍን ሠራተኛ ምንም ክፋት ባያስብ እንኳ ለገዳይ መንገድ ይጠርጋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። መዝጋቢው አካል ቁጥሩ በቀለም የተሸፈነ መሣሪያ ሲቀርብለት ቀለሙን አስለቅቆ ያንብብ፤ የተሞረደ ካገኘ አይለፈው። በሕግ የያዘ ሰው መጀመሪያ መሣሪያው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ፣ መዝጊያውን አውጥቶ በርሜሉን ወደ ብርሃን አቅንቶ ይመልከት፤ ገንዘቡንም ከቀለም በፊት ለመወልወያና ለዘይት ያውጣ። አንበሳ የታተመበት ማውዘር በእጁ ያለ ቤተሰብ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ በዘይት ከተነከረ ጨርቅ በቀር ምንም አያስነካው።